ፎርሙን ለካውንስለርሽ አትስጪ

ከቨርጂኒያ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ነገሩ እኔንም የነካኝ ስለሆነ ዛሬ መልሴ ይረዝማል።

ለአንባቢዎቼ በአጭሩ ልንገራቸው። ጸሐፊዋ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣችው በ13 ዓመቷ ነው። አሁን እንግሊዝኛን የምትማረው ከመደበኛው ከበድ ባለው በኦነርስ ክፍል ነው። ከ18 ቀን በኋላ በጥንቱ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ላይ ትልቅ ፈተና አለባት። በመጀመሪያው አጭር ፈተና 61 አገኘች። አባቷ ውጤቱን ሲያዩ «የሞቱ ሰዎች ወሬ እንጀራ አይሆንሽም። ወደ ቀላሉ ክፍል ውረጂና ኬሚስትሪሽን አጥኚ፤ የምትሆኚው ነርስ ነው» አሏት። ለካውንስለሯ፣ ለትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ የሚሰጠውንም ክፍል መቀየሪያ ፎርም ፈረሙላት። ፎርሙ እስካሁን ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሌላም ሁለት ነገር ጠይቃኛለች፤ የቅዳሜና እሁድ ሥራዋንና ከስቴት ውጭ ስላለ ዩኒቨርሲቲ።

ልጄ፣ ፎርሙን አትስጪ።

አባትሽን አከብራቸዋለሁ። ሌሊት መኪና እየነዱ ሦስት ልጅ የሚያሳድጉ ሰው ስለ እንጀራ ቢያወሩ እኔ ምን አፍ አለኝ? በዚህ ነገር ግን ተሳስተዋል። ነርስ ሁኚ ማለታቸው ስህተት አይደለም። ስህተታቸው ነርስ ለመሆን ይህን ትምህርት ተዪው ማለታቸው ነው።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በ17 ዓመቴ ነው። ያኔ አንድ ደግ ሰው «ይህ ይከብድሻል» ብሎ ከሥነ ጽሑፉ ክፍል አውጥቶ ቀላሉ ውስጥ አስገባኝ። ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ሂሳቡ የመጣው ነርሲንግ ስገባ ነው። አንድ ጥያቄ ይመጣል። ታማሚው እንዲህ ነው፣ እንዲህም ሆኗል፣ መጀመሪያ የቱን ታደርጊያለሽ? አራት ምርጫ አለ። አራቱም ትክክለኛ ሥራዎች ናቸው። ከአራቱ ግን የሚቀድመው አንዱ ነው፤ ያን የሚነግርሽ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የተሸጎጠች አንዲት ቃል ናት። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። በሽታውን አውቀዋለሁ። ያቃተኝ ጥያቄው የሚለውን ማንበብ ነበር። ያን ኮርስ ወድቄ ደገምኩት፤ ክፍያውንም ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሆስፒታል ስሠራ፣ አሁን ደግሞ ኮሌጅ ውስጥ ተማሪዎችን ሳማክር፣ ይኸው ነገር ስንቱን ልጃችንን ሲጥል አይቻለሁ። ሳይንሱን ሸምድደው ይመጡና ንባቡ ላይ ይወድቃሉ።

ስለዚህ 61 ያገኘሽው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። በደብዳቤሽ ያጠናሽበትን ካርድ ገልጠሽልኛል። በአንድ በኩል «ዊንትሮፕ»፣ በሌላው «1630፣ በኮረብታ ላይ ያለች ከተማ» ትያለሽ። «ፔን»፣ «ጥር 1776፣ ኮመን ሴንስ»። አንዱ የሰፋሪዎች መሪ፣ ሌላው ከእንግሊዝ እንለይ ብሎ የጻፈ። ካርዱ ልክ ነው። እኛ አገር ቤት እንዲህ ነው የተማርነው፤ ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ ትርጓሜ። የአንቺ አስተማሪ ግን ዓመቱን አልጠየቀችሽም። አይተሽው የማታውቂውን አንቀጽ ሰጥታ «ማን ለማን ይናገራል? ምን እንዲያደርጉለት ይፈልጋል? የትኛው ቃል አሳበቀበት?» ነው ያለችሽ። ካርድሽ ለዚህ መልስ የለውም።

ዘዴውን በፊሊስ ዊትሊ ላሳይሽ። ስሟ ካርድሽ ላይ አለ፤ «የግጥም መጽሐፍ ያሳተመች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት» ብለሽ ከመጻፍ ግን አላለፍሽም። ይህች ልጅ ከምዕራብ አፍሪካ ተሸጣ በ1761 ቦስተን ስትደርስ ሰባት ዓመት ገደማ ነበረች። ፊሊስ የተባለችው ባመጣት መርከብ ስም ነው። በ1773 የግጥም መጽሐፏ ለንደን ታተመ። መጽሐፉ መግቢያ ላይ «ግጥሞቹን የጻፈቻቸው እሷው ናት» የሚል ማረጋገጫ አለ፤ 18 የቦስተን ታላላቅ ሰዎች ፈርመውበታል። አገረ ገዥው ሳይቀር። አንዲት ጥቁር ልጅ እንግሊዝኛ ገጥማ ለመታመን 18 ምስክር አስፈለጋት ማለት ነው። አንቺ «ክፍል ውስጥ እጄን ሳወጣ ሁሉም የሚያየኝ ይመስለኛል» ብለሽኛል። እስቲ ያንን ስሜት ይዘሽ አንብቢያት።

ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ስለመምጣቷ የጻፈችው ግጥም ስምንት መስመር ብቻ ነው። ሲጀምር የምታመሰግን ትመስላለች፤ ከአረማውያን አገር ያወጣኝ ምሕረት ነው ትላለች። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይናደድና መጽሐፉን ይዘጋል። አንቺ አትዝጊ። የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ወደ አማርኛ ብመልሳቸው እንዲህ ይሆናሉ፦ «አስታውሱ፣ ክርስቲያኖች፣ ጥቁሮች፣ እንደ ቃየል የጠቆሩ፣ ሊነጹና ከመላእክት ጉባኤ ሊቀላቀሉ ይችላሉ።»

ነጠላ ሰረዞቹን ተመልከቻቸው። አንዱ ንባብ፣ «እናንተ ክርስቲያኖች ሆይ፣ ጥቁሮችም ሊነጹ እንደሚችሉ አስታውሱ» ነው። ሌላው ንባብ ግን፣ «ክርስቲያኖችም ጥቁሮችም፣ ሁለቱም እንደ ቃየል የጠቆሩት፣ መንጻት እንዳለባቸው አስታውሱ» ይሆናል። በሁለተኛው ንባብ የጠቆረው ቆዳ አይደለም፤ የባሪያው ጌታ ልብ ነው። ይህ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛ «ቃየል» እና «ሸንኮራ» ድምፃቸው አንድ ነው። «መንጻት» ብዬ የመለስኩት የእንግሊዝኛ ቃልም ስኳር ለማጣራት ይውላል። በዚያ ዘመን ስኳር የሚመረተው በባሪያ ጉልበት ነበር። አንዳንድ ተቺዎች ይህንንም እዚያው መስመር ውስጥ አንብበውታል። እኛ ይህን ምን እንለዋለን? ኅብረ ቃል። ሰምና ወርቅ። የክፍል ጓደኞችሽ «አሻሚነት» ብለው በስንት መከራ የሚማሩትን አንቺ ከቤትሽ ይዘሽው መጥተሻል።

ስለ ዊትሊ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ለሃርቫርድ ተማሪዎች የጻፈችው ምክር አዘል ግጥም አለ። እዚያ ውስጥ ስለ ኃጢአት ስታስጠነቅቃቸው ራሷን «ኢትዮጵያዊት ትነግራችኋለች» እያለች ነው። የእኛ አገር ሰው ነበረች ማለቴ አይደለም። ቃሉ በዚያ ዘመን እንደ መጽሐፍ ቅዱሱ አጠራር ለማንኛውም ጥቁር ሰው ይውል ነበር። ግን አንዲት ባሪያ ልጅ የአገሩን ባለጸጋ ልጆች በዚያ ስም ቆማ ስትመክር እያት። ለድርሰትሽ አንድ ሙሉ አንቀጽ ይወጣዋል።

ሌላው ያስፈራሽ የዓረፍተ ነገሮቹ ርዝመት ነው። «የነጻነት አዋጁ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል» ብለሻል። እንግዲህ ያ ዓረፍተ ነገር «አንድ ሕዝብ ከሌላው ጋር ያሠረውን ገመድ መበጠስ ግድ ሲሆንበት» እያለ ይጎተትና ዋናው ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ለዓለም መናገር አለበት ይላል። አማርኛም ግሡን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ አይደለም? ከልጅነትሽ ጀምሮ ግሥ ስትጠብቂ ነው ያደግሽው። እንደ አማርኛ አንብቢው፤ ታገሺና ጠብቂ። ከዚያ በኋላ «እሱ እንዲህ አደረገ፣ እሱ እንዲህ ከለከለ» እያለ በእንግሊዙ ንጉሥ ላይ ክስ ይደረድራል። ይህ አቤቱታ ነው። አቤቱታ ምን እንደሆነ ለአንቺ የሚያስረዳሽ ሰው አያስፈልግም።

ገጣሚዋን አን ብራድስትሪትንም አትዝለያት። በሐምሌ 1666 ቤቷ ተቃጠለ። ግጥሟ ላይ «የሰጠም የነሳም እግዚአብሔር ነው» ብላ አመድ ላይ ታመሰግናለች። ግን ባለፈች ቁጥር ዓይኗ ወደዚያው ይመለሳል፤ እዚህ ሣጥኔ ነበር፣ እዚህ እንቀመጥ ነበር። አፏ አንድ ነገር ይላል፣ ዓይኗ ሌላ። ፈተናው ላይ ይህን ልዩነት ካሳየሽ ነጥብ ታገኛለሽ። የጆናታን ኤድዋርድስን የ1741 ስብከት ደግሞ፣ ያንን ኃጢአተኛውን እሳት ላይ እንደተንጠለጠለ ሸረሪት የሚያሳየውን፣ እሁድ እሁድ ስብከት ሰምተሽ ስላደግሽ ለብቻሽ ትወጪዋለሽ።

በ18ቱ ቀን እንዲህ አድርጊ። ካርዱን እስከ መጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ድረስ መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። በየቀኑ አንድ አንቀጽ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ድምፅ አውጥተሽ ሁለት ጊዜ አንብቢ። ከዚያ ማን፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ የሚለውን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ሐሳቡ በአማርኛ ከመጣልሽ በአማርኛ ጀምሪው። ከጻፍሻቸው ውስጥ ደካማውን ይዘሽ ጠዋት ክፍል ሳይጀመር አስተማሪሽ ዘንድ ሂጂ። ጥሩውን አይደለም፣ ደካማውን።

ሥራውን በተመለከተ፣ እስከ ፈተናው ድረስ ቅዳሜን ብቻ ሥሪ። አባትሽ ሰዓት ጨምሪ የሚሉት አዲስ አበባ ላይ ለሚሠሩት ቤት እንደሆነ ጽፈሻል። ቤቱ አንድ ዓመት ቢዘገይ ምንም አይሆንም። የ11ኛ ክፍል ውጤትሽ ግን ኮሌጅ ስታመለክቺ ከሁሉ በፊት የሚታየው ነው። ይህን ለእሳቸውም ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።

ከስቴት ውጭ ያለውን ዩኒቨርሲቲ እርሺው፤ ለስሙ ብለሽ ዕዳ አትግቢ። ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ። ቨርጂኒያ ውስጥ የተወሰነውን ውጤት ይዞ ለጨረሰ ተማሪ ብዙ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ የሚያረጋግጡበት ስምምነት አላቸው። እኔም በዚያው በር ነው የገባሁት።

አሁን ወደ አባትሽ ልመለስ። ዜግነት የወሰዱት ከሦስት ዓመት በፊት ነው ብለሻል። የዜግነት ፈተናውን መቶ ጥያቄ መኪና ውስጥ በድምፅ እየሰሙ እንዳጠኑም ጽፈሻል። የነጻነት አዋጁን ማን ጻፈው? ሰዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ለምን መጡ? ቤንጃሚን ፍራንክሊን በምን ይታወቃል? ከእንግሊዝ ጋር ለምን ተዋጉ? እነዚህ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ከተጠየቁት አሥር ጥያቄ ስድስቱን መልሰው ነው መሐላ የፈጸሙት። እሳቸው በር ላይ የተጠየቁትን አንቺ ዛሬ ጓዳ ገብተሽ እየተማርሽው ነው።

ደግሞም ጎጃም ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ እስኪጀምሩ ድረስ እንደተማሩ ነግረሽኛል። እንግዲያው እሑድ ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ቁጭ በይ። ዊትሊ ማን እንደነበረች ንገሪያቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ወደ አማርኛ መልሰሽ አንብቢላቸው። ቃየልና ሸንኮራ በእንግሊዝኛ አንድ ድምፅ እንደሆኑም አስረጂያቸው። ወርቁ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አትንገሪያቸው፤ ራሳቸው ይፈልጉት። ፎርሙን ከቦርሳሽ የምታወጪው እሳቸው ካገኙት በኋላ ነው።