መልስ፦ ፖሊስ ይግባ ወይስ ይጠብቅ?

«የታጠቀ ሰው ሲያጋጥም ፖሊስ ወዲያው ይግባ ወይስ ልዩ ኃይል (ለእንዲህ ያለ አደጋ የሠለጠነ የፖሊስ ቡድን) ይጠብቅ?» ላልከው፣ ወሳኙ ሰውየው በዚያች ሰዓት ምን እያደረገ ነው የሚለው ነው። ብቻውን ቤት ዘግቶ ከተቀመጠ ጊዜው የፖሊስ ነው። መክበብ፣ ከለላ መያዝ፣ ማነጋገር። እዚህ ላይ ጥድፊያ ሰው ያስገድላል።

ሰው እየገደለ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኮሎምባይን ትምህርት ቤት ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች፣ በጊዜው እንደተማሩት ዙሪያውን ከበው ልዩ ኃይሉን ጠበቁ። ውስጥ አንድ መምህር ቆስሎ ደሙ እየፈሰሰ ነበር። አብረውት የነበሩት «አንድ ሰው ደሙ ፈስሶ ሊሞት ነው» ብለው ጽፈው በመስኮት አሳዩ። እርዳታው ከሰዓታት በኋላ ደረሰ፤ መምህሩ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ሥልጠናው ተቀየረ፤ ቀድሞ የደረሰ ይግባ ተባለ።

ሆኖም በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ዩቫልዲ በተባለች ከተማ፣ አንድ ታጣቂ ትምህርት ቤት ገብቶ ሲተኩስ ፖሊሶቹ ገዳዩን «በር ዘግቶ የተቀመጠ» አድርገው ቆጠሩትና 77 ደቂቃ ሳይገቡ ቆሙ። ልጆች ከክፍሉ ውስጥ ለፖሊስ እየደወሉ! 19 ተማሪዎችና 2 መምህራን ተገደሉ። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ጠመንጃም ጋሻም ነበራቸው። የጠፋው «አዛዡ እኔ ነኝ፣ እንግባ» የሚል ሰው ነው።