«ሳፐር» ማን ነው? ስለ ቃሉ ፍቺና አመጣጥ

ጠያቂያችን ስለ ኮንጎ ዘናጮች የተጻፈ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመልሱ «ሳፐር» የሚል ቃል እንዳጋጠማቸው፣ መዝገበ ቃላቱ ግን «ምሽግ የሚቆፍር ወታደር» እንደሚል ገልጸው ትክክለኛ ፍቺውንና ምንጩን ጠይቀዋል። እኔ በብራስልስ ማቶንጌ በሚባለው የኮንጎዎች ሰፈር በልብስ ስፌት የምተዳደር ስሆን፣ ከደንበኞቼ መካከል ራሳቸውን በዚህ ስም የሚጠሩ ስላሉ የማውቀውን ላስረዳ።

ሁለቱ ቃላት አጻጻፋቸው አንድ ቢሆንም በትርጉም አይገናኙም። «ሳፕ» (SAPE) በፈረንሳይኛ የአራዳ ቋንቋ ልብስ ማለት ነው፤ ከዚሁ ጋር የሚዛመደው ግስም መልበስን፣ በተለይም አምሮ መልበስን ያመለክታል። ኮንጎዎቹ ቃሉን ከወሰዱ በኋላ እያንዳንዱን ፊደል የአንድ ቃል መነሻ አድርገው «የጨዋታ አድማቂዎችና የአማረ አለባበስ ሰዎች ማኅበር» ብለው ፈቱት። ብዙ ጽሑፎች ስሙ ከማኅበሩ የተገኘ አስመስለው ያቀርቡታል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ልማዱ ራሱ ከቅኝ ግዛት ዘመን ይነሣል። በዛሬዋ የኮንጎ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በብራዛቪል፣ በነጮች ቤት ያገለግሉ የነበሩ ወጣቶች አንዳንዴ በደመወዝ ፈንታ የአሠሪዎቻቸውን አሮጌ ልብስ ይቀበሉ ነበር፤ እያደር ግን የሌላውን ቅያሪ ንቀው በገዛ ገንዘባቸው ከፓሪስ ማስመጣት ጀመሩ። ባኮንጎ የሚባለው የብራዛቪል ሰፈር ሳፐሮች እንደ አባት የሚያነሡት አንድሬ ማትስዋን ነው፤ እርሱም በ1926 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የአገሩን ልጆች ማኅበር መሥርቶ ለእኩልነት የታገለና በ1942 በእስር ላይ ሳለ የሞተ ሰው ነው። ስለዚህ ዝነጣውን ነጭን መኮረጅ ብቻ አድርጎ ማየት ትልቅ በደል ነው እላለሁ። ከኮንጎ ወንዝ ማዶ በሌላይቱ ኮንጎ ዋና ከተማ በኪንሻሳም፣ የዚያች አገር ፕሬዚዳንት ሞቡቱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሙሉ ልብስና ክራባት ከልክሎ «ሙሉ ልብስ ይውደም» ከሚል የፈረንሳይኛ ሐረግ ስሙን ያገኘውንና ያለ ክራባት የሚለበሰውን አባኮስት የተባለ ኮት ሲያስለብስ፣ ዘፋኙ ፓፓ ዌምባና ተከታዮቹ በውድ የአውሮፓ ልብስ ደምቀው መታየታቸው እንቢታም ነበረበት።

በተግባር ሳፐርነት ሥርዓት አለው። ሸምገል ያሉ አንድ ደንበኛዬ ሱሪ ሳሳጥርላቸው፣ የሚያደርጉትን ጫማ ተጫምተው ካልቆሙ አያስለኩኝም፤ የሱሪው ጫፍ ጫማው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ በመስታወት ደጋግመው ያያሉ። ከካልሲ እስከ ኪስ መሀረብ የሚታየው ቀለም ከሦስት መብለጥ የለበትም። ጠብና ስድብም ለሳፐር ነውር ነው፤ አካሄዱና ንግግሩ እንደ ልብሱ የታረመ መሆን ይገባዋል። ብዙዎቹ ባለጠጎች አይደሉም፤ ዌስተን ለተባለው ውድ የፈረንሳይ ጫማ አንድ ጥንድ ለወራት የሚያጠራቅምና ከወዳጁ ኮት የሚዋስ አለ። ይህ በቤተሰብ ላይ የሚያሳድረው ጫና ቀላል እንዳልሆነም መሸሸግ አይገባም።

ወደ ትርጉሙ ስንመለስ፣ «ሽቅርቅር» ነቀፌታ ስላለበት ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ። «ዘናጭ» ይቀርባል፤ ሆኖም ሥርዓቱንና ወንድማማችነቱን አይዝም። «ሳፐር» የሚለውን እንዳለ ወስደው፣ መጀመሪያ በሚያነሡበት ቦታ «አለባበስን ከጨዋ ጠባይ ጋር እንደ ሥርዓት የያዘ የኮንጎ ዘናጭ» ብለው ቢፈቱት ይበቃል፤ ጽሑፉ ሴቶችን የሚያነሣ ከሆነም እነርሱ «ሳፐዝ» ይባላሉ።