በፈረስና በገመድ ለመኖር ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በአሜሪካ ሮዲዮ በሚባለው የካውቦዮች የግልቢያና የገመድ ውድድር ሜዳዎች ዙሪያ ለረጅም ዓመታት የፈረስ ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። ፈረስን ያወቅሁት ግን በልጅነቴ አዊ ውስጥ፣ አባቴ ለጉግስ ፈረሱን ሲያስጌጥ አጠገቡ ቆሜ እያየሁ ነው። በቅርቡ ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ፣ በተለይም እዚሁ ዳላስና ፎርት ወርዝ ያደጋችሁት፣ በጋላቢ ፈረስ ላይ ስለሚቆሙትና ገመድ ስለሚያሾሩት ባለሙያዎች ስትጠይቁኝ፣ ሙያው እንጀራ ይሆን እንደሆነም አብራችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው በመንገድ ላይ የሚመለስ ስላልሆነ በጽሑፍ ልመልስላችሁ ወደድሁ።

ትሪክ ራይደር የሚባለው ፈረሰኛ፣ ፈረሱ በሙሉ ኃይሉ እየጋለበ ሳለ ኮርቻው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወርዶ መሬቱን በእግሩ ረግጦ ተመልሶ ይወጣል፤ አንዳንዴም አንድ እግሩን ብቻ በጠፍር አስገብቶ ጭንቅላቱ ከኮቴዎቹ አጠገብ እስኪደርስ ድረስ ቁልቁል ይንጠለጠላል። በዚያን ጊዜ ልጓሙን የሚይዝ እጅ የለም። ፈረሱ ያለ መሪ፣ ፍጥነቱን ሳይለዋውጥ፣ አጥሩን ተከትሎ በቀጥታ መሮጥ ይኖርበታል። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለሰውየው ቢሆንም፣ የትርዒቱ ትልቁ ድርሻ የፈረሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥበቡ ከብዙ አገር የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የአሜሪካን ምዕራብ ሕይወት በሚያሳየው የባፋሎ ቢል ተዘዋዋሪ ትርዒት ውስጥ ኮሳኮች፣ ማለትም የሩሲያ ፈረሰኛ ወታደሮች፣ ተብለው የቀረቡት ሰዎች በእርግጥ በካውካሰስ ካለችው ጆርጂያ፣ ከጉሪያ አውራጃ የመጡ ጆርጂያውያን ነበሩ፤ አሜሪካውያን ከእነርሱ ብዙ ተምረዋል። የገመዱ ጥበብ ደግሞ ቻሮ የሚባሉት የሜክሲኮ ባህላዊ ፈረሰኞች ሀብት ነው። የአሜሪካ ነባር ሕዝብ በሆኑት በቼሮኪዎች ምድር በ1879 የተወለደው የገመድ ባለሙያ ዊል ሮጀርስ ገመድ መወርወርን በልጅነቱ የተማረው በአባቱ ከብት ርቢ ከሚሠራ ጥቁር ካውቦይ ነበር። በ1893 በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ሜክሲኳዊውን የገመድ ባለሙያ ቪሴንቴ ኦሮፔሳን ካየ በኋላ ግን ገመድ ከእጁ አልተለየም። ከጊዜ በኋላ ሦስት ገመድ በአንድ ጊዜ ወርውሮ አንዱን በፈረሱ አንገት፣ ሁለተኛውን በጋላቢው ላይ፣ ሦስተኛውን በፈረሱ አራት እግሮች ዙሪያ እስከማሳረፍ ደርሷል። መድረክ ላይ የሚሠራውን ለማስረዳት አፉን ሲከፍት አነጋገሩ ተመልካቹን አሳቀው፤ መጀመሪያ ተቀየመ፣ በኋላ ግን ከገመዱ ይልቅ በንግግሩ ዝነኛ ሆነ። ሁለተኛው ሙያው ከመጀመሪያው ሙያው ውስጥ በቀለ ማለት ነው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ይህን ሳልጽፍ ምክር ብሰጣችሁ ሐቀኛ አልሆንም። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ምሽት፣ ትርዒቱ ሊጀመር ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ አንዲት ግራጫ ፈረስ ስትራመድ አየሁ። የፊት ግራ እግሯን ከሌሎቹ በመጠኑ አሳጥራ ታሳርፍ ነበር። ሌላ ሰው አያስተውለውም፤ እኔ አስተዋልሁት። አዘጋጁ ይቸኩላል፣ ሕዝቡ ተቀምጧል፣ ፈረሰኛዋ ልብሷን ለብሳ ተዘጋጅታለች፤ እኔም "ሲሞቃት ይለቃታል" ብዬ ዝም አልሁ። በሁለተኛው ዙር መታጠፊያው ላይ ፈረሷ ተደናቀፈች፣ ልጅቱም ወድቃ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። አጥንቱ ድኗል፤ የእኔ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከዚያ ወዲህ የማየውን ሁሉ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ትርዒት ያስቀረሁበት ጊዜም አለ። በዚህ ሙያ ዕድሜ የሚሰጠው ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ዕድሜ የሚሰጠው ጠፍሩን፣ ኮርቻውን፣ ኮቴውን በየቀኑ እንደ አዲስ መፈተሽ ነው፤ ሺህ ጊዜ ደኅና ሆኖ የተገኘውንም ጭምር።

ትሪክ ራይደሯን ታድ ሉካስን ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። በ1902 በነብራስካ ከ24 ልጆች የመጨረሻዋ ሆና የተወለደች፣ በ1924 ለንደን ድረስ ሄዳ የጋለበች፣ በዘመኗ አቻ ያልተገኘላት ፈረሰኛ ነበረች። በ1933 ቺካጎ ላይ በሚጋልበው ፈረስ ሆድ ሥር ለማለፍ ስትሞክር ወድቃ ክንዷ ክፉኛ ተሰባበረ፤ ሐኪሞችም ከእንግዲህ መጋለብ እንደማትችል ነገሯት። ለሦስት ዓመት ያህል ክንዷ በጀሶ ታስሮ ቆየ፤ እርሷ ግን ከጀሶው ጋር ወደ ሜዳ ተመለሰች። ብዙዎች ይህን የጀግንነት ታሪክ ብቻ አድርገው ይነግሩታል። እኔ የማደንቀው፣ ባላት በአንድ ደኅና ክንድ የሚሠራውን መርጣ ትርዒቷን እንደገና ማደራጀቷን ነው። 50 ዓመት ካለፋት በኋላም ትጋልብ ነበር።

ስለ ገቢው የጠየቃችሁኝንም ከእርሷ ዘመን ልመልስ። በ1929 ቦኒ ማካሮል የተባለች ፈረሰኛ በኦሪገን ግዛት ፔንድልተን ላይ ካልተገራ ፈረስ ወድቃ ከሞተች በኋላ ብዙ ሮዲዮዎች ሴቶችን ካልተገራ ፈረስ ግልቢያ ውድድር አስወጡ። ትሪክ ራይዲንግም ቀስ በቀስ ሽልማት የሚገኝበት ውድድር መሆኑ ቀርቶ በውል የሚቀርብ ትርዒት ሆነ። ጥፋቱ የፈረሰኞቹ አልነበረም፤ በሩ ግን ተዘጋባቸው። በ1948 በቴክሳስ ሳን አንጄሎ ላይ 38 ሴቶች ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት ለዚህ ነው። ዛሬም ትሪክ ራይደር የሚኖረው በውል ነው፤ ውል በሌለበት ወር ፈረሱ መብላቱን አያቆምም። ስለዚህ ከግልቢያው ጎን ፈረስ መግራትን፣ ኮቴ መጠረብን ወይም ኮርቻ መስፋትን ተማሩ።

ለመጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ በገመዱ ጀምሩ። ለዚሁ የተሠራ የጥጥ ገመድ ያዙና ክብ አድርጋችሁ መሬት ለመሬት አሹሩት። ገመዱ በዞረ ቁጥር በራሱ ላይ ይጠመዘዛል፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እያንከባለላችሁ ካላስለቀቃችሁት ይቋጠርና ክቡ ይወድቃል። ጀማሪ ሁሉ ገመዱ እንዳያመልጠው አጥብቆ ይጨብጣል፣ ክቡን የሚገድለውም ይኸው ጭብጥ ነው። የማውቃት አንዲት አሮጊት ፈረሰኛ ልጆች ስታስተምር ስለ ገመዱ ምንም አትናገርም፤ አጠገባቸው ተንበርክካ የጨበጡ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ትፈታላቸዋለች።

ወደ ፈረሱ ስትመጡም አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጋጣ ጥረጉ፣ እግሩን አንሥታችሁ ኮቴውን ማጽዳት ልመዱ፣ ሲራመድ ከጎኑ ሆናችሁ የእርምጃውን ድምፅ አድምጡ። አራቱ ኮቴዎች እኩል ሲያሳርፉ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰሙ ጆሮአችሁ ሲያውቅ፣ ያን ጊዜ ኮርቻ እንጭናለን።