ፎርሙ ከመፈረሙ በፊት፦ በድርጅት ለምትሠለጥኑ ልጆች

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ለትብብር ሥልጠና ለምትወጡ ነው። ኮሌጁ ደብዳቤ ሰጥቷችሁ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ አቃቂ፣ ወደ ገላን፣ ወደ ዱከም ለምትሄዱ። ሙያዬ ብረታ ብረት ነው። ቶርኖ ላይ፣ ብረት እያዞረ በሚቆርጠው ማሽን ላይ ነው ያረጀሁት፤ አሁን ቃሊቲ አካባቢ አንድ ወርክሾፕ በኃላፊነት ይዣለሁ። ሠልጣኞች በየጊዜው ይመጡልናል። አንዳንዱ ሙያ ይዞ ይወጣል፤ አንዳንዱ እንደመጣ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም። የት እንደደረሰ የሚያውቅ ልጅ ይቀየራል። የማያውቀው ቀን ቆጥሮ ይሄዳል።

ክትትል ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ፎርም ነው። ሰዓት ያከብራል? ይታዘዛል? ከሰው ይግባባል? ለዕቃ ይጠነቀቃል? ከጎኑ ነጥብ መስጫ አለ። ሥራ የበዛበት አለቃ በመጨረሻው ሳምንት ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነጥብ ይሰጥና ማኅተም ይመታበታል። ልጁም ደስ ብሎት ይሄዳል። ያ ወረቀት ግን ልጁ ሻፍት፣ ማለትም የሚዞር የብረት ዘንግ፣ በልኩ ማውጣት ይችል እንደሆነ አይናገርም። ለብቃት ምዘና፣ እናንተ ሲኦሲ ለምትሉት፣ ስትቀርቡ መዛኙ ስለ ጨዋነታችሁ የተጻፈውን አይጠይቅም። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሥሩ ትባላላችሁ።

ስለዚህ ክትትሉን ለሌላ ሰው አትተዉት። ከመጀመሪያው ቀን ደብተር ያዙ። ስልክ አይሆንም፤ ማሽን አጠገብ ስልክ ማውጣት የለባችሁም፣ እጃችሁም ዘይት ነው።

ምን ይጻፍበት? «ዛሬ ቶርኖ ላይ ሠራሁ» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። ምሳሌ ልስጣችሁ። 6205 የሚባለውን ኩሽኔታ፣ ሻፍት በቀላሉ እንዲዞር የሚይዘውን ቀለበት፣ ብዙ ሞተር ላይ ታገኙታላችሁ። የውስጥ ቀዳዳው 25፣ የውጭ ዲያሜትሩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ሻፍት አውጡለት ተባላችሁ፣ ስዕሉም ኬ6 የሚል የልክ ገደብ ምልክት አለው እንበል። ያ ማለት ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ከ25.002 እስከ 25.015 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ይህን በካሊፐር አረጋግጣለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው፤ ከካሊፐር የረቀቀ መለኪያ፣ ማይክሮሜትር ይፈልጋል። እንግዲህ ደብተራችሁ ላይ የተጠየቀውን ልክ ጻፉ። ያወጣችሁትን ልክ ጻፉ። በምን እንደለካችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ማን እንዳየው፣ ምን እንዳለ ጻፉ። የተበላሸውንም ጻፉ። እንዲያውም ከሁሉ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

እኛ ጋ የሠለጠነች አንዲት ልጅ ነበረች። ጠንቃቃ ናት፤ ግን የምታወጣው ሻፍት ማታ ልክ ሆኖ ጠዋት ይላላል። ደብተሯን ስናየው ሰዓቱም ልኩም በሥርዓት ተጽፏል። ልክ ሆነው የተመዘገቡት፣ በኋላ ግን የላሉት በሙሉ ማሽኑ እንደቆመ ወዲያው የተለኩ ናቸው። ብረት ሲቆረጥ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይሰፋል። 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት በ40 ዲግሪ ያህል ከሞቀ ዲያሜትሩ ከ0.01 ሚሊ ሜትር በላይ ይጨምራል። የተፈቀደላት ልዩነት ደግሞ ጠቅላላ 0.013 ነው! ትኩሱን ለክታ «ደረሰ» ስትል፣ ሲቀዘቅዝ ከታች ይወጣል። ከዚያ በኋላ የመጨረሻውን ቁርጥ ከመውሰዷ በፊት ብረቱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ጀመረች፤ ነገሩም ተስተካከለ። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ «እጇ ገና ነው» ተብላ ትታለፍ ነበር። ምክንያቱ ያልታወቀ ስህተት ሁልጊዜ በልጁ ላይ ነው የሚለጠፈው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ደግሞ እውነቱን በአጭሩ አስቀምጡ፦ አየሁ፣ እየተነገረኝ ሠራሁ፣ ብቻዬን ሠራሁ፣ ብቻዬን በልኩና በሰዓቱ ሠራሁ። ብዙ ልጅ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቻልኩ ይላል። አልቻለም ገና። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ አንድ ዕቃ ላይ ሙሉ ቀን መዋል አይቻልም። በሌላ በኩል «አየሁ» የሚለው ገጽ ሲበዛባችሁ አትፈሩ፤ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነው። የሚያሳስበው በወሩ መጨረሻም እዚያው ከሆናችሁ ነው።

ከመምጣታችሁ በፊት ከኮሌጁ የሙያ ደረጃውን ሰነድ ጠይቁና የእናንተን ደረጃ የብቃት አሃዶች፣ ማለትም መቻል ያለባችሁን ሥራዎች ዝርዝር፣ ደብተሩ ጀርባ ላይ ገልብጡ። ከዚያ ወርክሾፑን ዞር ብላችሁ እዩ። ድርጅቱ ፍሬዛ፣ መቁረጫው እየዞረ ብረት የሚቀርጽ ማሽን፣ ከሌለው፣ ሰነዱ ላይ ያለውን የፍሬዛ ሥራ እዚያ አትማሩትም። ይህን ለአሠልጣኛችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ንገሩ። በመጨረሻው ሳምንት ብትነግሩት ምንም ማድረግ አይችልም።

ስለ መጥረግም ላንሳ። ሁሉም ያማርራል። የብረት ቁርጥራጭ ማንሳትና ማሽን ማጽዳት የሙያው አካል ነው፤ አለቃውም ይሠራዋል። ግን ሳምንታት አልፈው ደብተሩ ላይ መጥረግ፣ ሻይ ማምጣትና ዕቃ ማውረድ ብቻ ካለ ሥልጠናው አልተጀመረም። ያኔ አትጨቃጨቁ፣ አትኩረፉም። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። «ጋሼ፣ እስካሁን የሠራሁት ይህ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቶርኖ ላይ ቢያስጀምሩኝ?» በሉ። በጽሑፍ የተያዘን ነገር «አይ፣ ሠርተሃል» ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ሴት ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይመደባሉ፤ «ይቀልሻል» ተብለው። እህቶቼ፣ የመጣችሁት ለማሽኑ ከሆነ በትህትና ግን ቶሎ ተናገሩ። ዝም ካላችሁ እዚያው ነው የምትጨርሱት።

አለቃ አስተያየት እንዲሰጣችሁ የምትጠይቁበት መንገድም አለው። «ጋሼ፣ ሥራዬ እንዴት ነው?» ካላችሁ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ይላችኋል። ያ ግምገማ አይደለም። አንድ ነገር ለይታችሁ ጠይቁ። «ይህ ገጽ ለምን ሻከረብኝ?» በሉ። ያኔ መቁረጫውን ያያል፣ ፍጥነቱን ያያል፣ ማሰሪያውን ይነካካል፣ ሳያውቀው ያስተምራችኋል። ረፋድ ላይ ሥራ ሲጣደፍ አትጠይቁ። ማታ ማሽን ሲጸዳ ቀረብ በሉ፤ ያኔ አብዛኛው ሙያተኛ ወሬ ይወዳል።

የማልደራደርበት ክትትል አንድ አለ። ቻክ ማለት ቶርኖው ላይ ብረቱን አስሮ የሚዞረው ክፍል ነው፤ ቁልፉን ቻኩ ላይ ረስቶ ዞር የሚል ልጅ ማሽን አያስነሳም፤ ሌላው ሥራው የቱንም ያህል ያምር። ጓንት አድርጎ ወደሚዞር ብረት የሚጠጋም እንዲሁ። መነጽር፣ የታሰረ ፀጉር፣ የተቆለፈ እጅጌ። እዚህ ላይ ተቆጥቼ ካያችሁኝ እንዳታዝኑብኝ። ጣት አይበቅልም።

አሁን ደግሞ ለእናንተ ለወጣት አሠልጣኞች። ከኮሌጅ ገላን ድረስ ታክሲ ተጋፍታችሁ መምጣት እንደሚያደክም አውቃለሁ። ግን ከደረሳችሁ በኋላ ቢሮ ተቀምጣችሁ «ልጆቻችን እንዴት ናቸው?» ብላችሁ፣ «ጥሩ ናቸው» ተብላችሁ፣ አስፈርማችሁ አትመለሱ። ወደ ማሽኑ ሂዱ። ልጁ አንድ ዕቃ ሲያስርና ሲለካ ቆማችሁ እዩ። ደብተሩን ግለጡ። ከዚያ አለቃው በሌለበት ለብቻው አነጋግሩት፤ የሚደበድበው ሰው ወይም የሚያስፈራው ነገር ካለ ፊት ለፊት አይነግራችሁም። በጀርመን ተለማማጁ በሥርዓት የያዘውና የተፈረመበት የሥልጠና ደብተር ከሌለ ለመጨረሻው ፈተና አይቀርብም፤ በሕግ የተጻፈ ነው። እኛ የትብብር ሥልጠናን ሐሳብ ስንወስድ ደብተሩንም አክብረን ብንወስድ ምንኛ ጥሩ ነበር።

በኮሌጅ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ከአሠሪ ጋር ተዋውላችሁ ሙያ የምትለምዱ ደግሞ ሕግ እንዳላችሁ እወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል። የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈላችሁ ገንዘብና የሥራ ሁኔታው ውሉ ላይ መገለጽ አለበት። ስትጨርሱም አሠሪው የሠለጠናችሁበትን ሙያና የቆያችሁበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት። ልመና አይደለም፣ ጠይቁ።

ሁላችሁም ከመውጣታችሁ ሁለት ሳምንት ሲቀራችሁ አለቃችሁን አንድ ነገር ለምኑ። ስዕል ይስጣችሁ፣ ከዚያ ብቻችሁን ይተዋችሁ፤ ሲያልቅ እሱ ራሱ ይለካው። ያገኘውን ቁጥር በእጁ ደብተራችሁ ላይ ይጻፈውና ይፈርም። ጎደሎ ከወጣ ለማረም ገና ሁለት ሳምንት አላችሁ።