የቤዙ መስመር የማን ነው?

ይድረስ በባንድ ውስጥ ቤዝ፣ ድራም፣ ኪቦርድ ወይም ጊታር ለምትጫወቱ ወጣቶች፤

ዕድሜዬን በቤዝ ጊታርና በቅንብር ሥራ ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ምክሬም ከዚያው ሙያ የሚነሣ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ የትኛው መሣሪያ እንደሚሻል፣ ጣትን እንዴት ማፍጠን እንደሚቻል፣ ከየትኛው ድምፃዊ ጋር መሥራት እንደሚያዋጣ ነው። እኔ ግን ከሌሎች ጋር ሆናችሁ የፈጠራችሁትን ሥራ በስማችሁ ስለ ማስጻፍ ልነግራችሁ እወዳለሁ፤ ለዚህም «ሺክ» የተባለው የኒውዮርክ ቡድን ከሠራው «ጉድ ታይምስ» ከተሰኘው የዲስኮ ዘፈን የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

የቡድኑ ምሰሶዎች ጊታር የሚጫወተው ናይል ሮጀርስና ቤዝ የሚጫወተው በርናርድ ኤድዋርድስ ነበሩ። ሁለቱም በራሳቸው ስም ከመታወቃቸው በፊት ለዓመታት ሌሎችን ሲያጅቡ የኖሩ ሲሆኑ፣ ሮጀርስ በሃርለም በሚገኘው በአፖሎ ቴአትር ቋሚ ባንድ ውስጥ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ «ለ ፍሪክ» የተባለው ዘፈናቸው በአሜሪካ የተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ደግሞ «ጉድ ታይምስ» እዚያው ደረጃ ላይ ደረሰ።

እባካችሁ ይህን ዘፈን በስልካችሁ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ቤዙ በአንድ ኖታ ላይ ሦስት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ይነሣል፤ ከዚያ ጥቂት ፋታ ወስዶ በአጫጭር ኖታዎች ወደ ሁለተኛው ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች ስብስብ) ይሻገርና ተመልሶ ያንኑ ይጀምራል። ዘፈኑ በመሠረቱ በሁለት ኮርዶች ላይ የሚመላለስ ነው። የሮጀርስ ጊታር ክሮቹን ግማሽ አፍኖ በቀጭኑ ይፈተፍታል፤ የቶኒ ቶምፕሰን ድራም ምንም ሳያጌጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከስምንት ደቂቃ በላይ በሚረዝመው የአልበሙ ቅጂ መሐል ላይ ድምፃውያኑም ቫዮሊኖቹም ዝም ይሉና ቤዙ፣ ድራሙና ጭብጨባው ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ከዚያም ሌሎቹ መሣሪያዎች ተራ በተራ ይመለሳሉ። አንድ ወጣት ቤዚስት ይህን ክፍል ሰምቶ «ቀላል ነው» ካለኝ፣ ያንን መስመር ሳያፈጥንና ሳያጌጥ እስከ መጨረሻው እንዲጫወትልኝ እጠይቀዋለሁ። እስከ ዛሬ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሳይሸነፍ ያለፈ ጥቂት ነው።

ዲጄዎች ይህን ባዶ የቀረ ክፍል በሁለት ሸክላ እያስረዘሙ ሰዉን ያስጨፍሩበት ነበር። በዚያው በ1979 መስከረም «ሹገርሂል ጋንግ» የተባሉ የኒው ጀርሲ ወጣቶች «ራፐርስ ዲላይት» የሚል ሸክላ አወጡ፤ ከሥሩ የሚሄደው ሙዚቃ በስቱዲዮ ሙዚቀኞች እንደገና የተጫወተው የ«ጉድ ታይምስ» ግሩቭ፣ ማለትም ተደጋጋሚው የቤዝና የድራም ምት ነበር። ራፕን በመላው ዓለም ያስተዋወቀ ሥራ ቢሆንም መጀመሪያ ሲወጣ የሮጀርስና የኤድዋርድስ ስም አልነበረበትም። ሮጀርስ ዘፈኑን በኒውዮርክ አንድ ክበብ ውስጥ ሰማውና ነገሩ በጠበቃ ተያዘ፤ ክርክሩም በስምምነት ተቋጭቶ ሁለቱ የዘፈኑ ተባባሪ ደራሲያን ተብለው ተመዘገቡ። ሮጀርስ በኋላ ይህንኑ ዘፈን እጅግ እንደሚወደው ተናግሯል። ሥራን መውደድና ድርሻን መጠየቅ አይጣሉም፤ በእኛ ዘንድ ግን ድርሻውን የጠየቀ ሰው ወዲያው «ገንዘብ ወዳድ» ይባላል።

ጠበቃው አፉን ሞልቶ ሊናገር የቻለው «ጉድ ታይምስ» ገና ሲወጣ ደራሲዎቹ እነማን እንደ ሆኑ በወረቀት ሰፍሮ ስለ ነበረ ነው። በዚያው ክረምት ሐምሌ 12 ቀን በቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም ሕዝብ ተሰብስቦ የዲስኮ ሸክላ በፈንጂ እስከ ማጋየት ደርሶ ነበር፤ የዲስኮ ፋሽን አለፈ፣ ቡድኑም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተበተነ። ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1996 ከሮጀርስ ጋር ለኮንሰርት በሄደበት ቶኪዮ በሳንባ ምች በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ስሙ ግን ዛሬም በ«ጉድ ታይምስ»ም በ«ራፐርስ ዲላይት»ም ላይ አለ።

ሌላውንም ጎን ልንገራችሁ፤ ካልሆነ ምክሬ ጎዶሎ ይሆናል። በ1980 የእንግሊዙ «ክዊን» ባንድ ቤዚስት ጆን ዲከን የጻፈው «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» የወጣ ጊዜ የቤዙ አነሣስ የ«ጉድ ታይምስ» ዘመድ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ዲከንም ከ«ሺክ» ጋር ስቱዲዮ ውስጥ ጊዜ አሳልፏል። እዚህ ላይ ግን የስም ጥያቄ አልተነሣም፤ በእኔም አስተያየት መነሣት አልነበረበትም፤ ምክንያቱም ዲከን ስሜቱን ወስዶ የራሱን መስመር ሠርቷል። ሃሳብ የማንም ንብረት አይደለም፤ ሃሳቡ የተገለጸበት መንገድ ግን ባለቤት አለው። ይህን ልዩነት በጆሮአችሁ መለየት ካልቻላችሁ አንድ ቀን የሰው ወስዳችሁ ትገኛላችሁ፤ ወይም በማይገባ ነገር ሰው ትከሳላችሁ።

ቶምፕሰንስ? የዚያ ድራም ባይኖር ቤዙ እንዲያ ባልቆመ ነበር፤ ሆኖም በደራሲነት የተመዘገቡት ሮጀርስና ኤድዋርድስ ብቻ ናቸው። የሙያው ልማድ ድራመኛን እንደ ተጫዋች እንጂ እንደ ደራሲ አይቆጥርም። እኔ ይህን ልማድ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም፤ ግን ልማዱ መኖሩን አስቀድሞ ያወቀ ድራመኛ ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት ይደራደራል፤ ያላወቀው ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ያኮርፋል።

በሀገራችን የአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን የሚደነግግ ሲሆን፣ የሥራ አመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት እንዲጠበቅ ያደርጋል፤ ሥራው የጋራ ከሆነም ዘመኑ የሚቆጠረው መጨረሻ ከሞተው አመንጪ ነው። መብቱ ለመወለድ ምዝገባ አይጠይቅም። ችግራችን ያለው ማን ምን እንደ ሠራ ማስረጃ በማጣቱ ላይ ነው። በካሴቱ ዘመን ሽፋኑ ላይ «ቅንብር፦ ባንዱ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ባንዱ ከተበተነ በኋላ ያንን የቤዝ መግቢያ ማን እንዳመጣው የሚመሰክር አይገኝም። በግሌ የማውቀው አንድ ጓደኛዬ ሁሉም ሰው በአፉ የሚያዜመውን መግቢያ ፈጥሮ፣ በሰርግ ላይ ሲጫወት «የእገሌን ዘፈን አሳምረህ ትጫወታለህ» እየተባለ ኖሯል።

ስለዚህ በልምምድ ቤት አዲስ ነገር ሲወለድ በስልካችሁ ቅዱት፤ ቀኑ አብሮ ይቀመጣል። ዘፈኑ ቅርጽ ሲይዝ አንድ ገጽ ወረቀት አውጡና ግጥሙን፣ ዜማውን፣ የቤዙንና የኪቦርዱን መነሻ ማን እንዳመጣ፣ ድርሻውም ስንት በመቶ እንደ ሆነ ጻፉ፤ ሁላችሁም ፈርሙበት፣ ለእያንዳንዳችሁም ቅጂው ይድረሳችሁ። ይህን ማድረግ ያለባችሁ ዘፈኑ ገና ምንም ሳያወጣ፣ በመካከላችሁም ፍቅር ሳለ ነው፤ ገንዘብ ከመጣ በኋላ ሁሉም ሰው መግቢያውን ያመጣው እሱ እንደ ሆነ ያስታውሳል።