ኖት፣ ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ሜትር በሰከንድ፦ ለፍጥነት ጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ የዕቃ ማመላለሻ አይሱዙዎቻችን ላይ ጂፒኤስ መከታተያ አስገጥመናል። ሾፌሩ በ80 እየነዳሁ ነው ሲል ኮምፒውተሩ 42 ወይም 43 ያሳያል። ያስገጠምነው ባለሙያ መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ይቀየር ይላል። እንቀይረው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አትቀይሩት። ከምልክቱ እንደምንረዳው መሣሪያው ደኅና ነው፤ የተሳሳተው ቁጥሩን የሚያነበው ፕሮግራም ነው። የሚታያችሁ ቁጥር ኖት ነው፤ ኖት የመርከብ የፍጥነት መለኪያ ሲሆን አንድ የባሕር ማይል ወይም 1.852 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። 43 ኖት ማለት 79.6 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። የጂፒኤስ መቀበያዎች መረጃ የሚያወጡበት ኤንኤምኢኤ የተባለው ደንብ የተዘጋጀው ለመርከብ መሣሪያዎች በመሆኑ፣ ቦታን፣ ሰዓትንና ፍጥነትን አንድ ላይ የያዘው አርኤምሲ የሚባለው መስመር ፍጥነቱን የሚጽፈው በኖት ነው። ቪቲጂ የሚባለው መስመር ደግሞ በኖትም በኪሎ ሜትርም ይሰጣል። አርኤምሲን የሚያነብ ፕሮግራም ቁጥሩን በ1.852 ማባዛት አለበት። እናንተ ጋ ይህ ማባዛት ተዘሏል።

እኛን ከማሳያው በላይ ያሳሰበን የፍጥነት ማስጠንቀቂያው ነው። ጣሪያውን 80 ብላችሁ ሞልታችሁት ከሆነ፣ ፕሮግራሙ 80ን ከኖት ጋር ያነጻጽረዋል፤ 80 ኖት ደግሞ 148 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። የተጫነ አይሱዙ እዚያ አይደርስም፣ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው መቼም አይጮኽም። ኃላፊው ግን ስላልጮኸ ብቻ ሾፌሮቹ ሁሉ በልክ እየነዱ ይመስለዋል። እስኪስተካከል ድረስ ጣሪያውን 43 አድርጉት።

ለማረጋገጥ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ከ60 በላይ በሆነ ቋሚ ፍጥነት አንድ ደቂቃ ያህል ንዱ፤ አጠገብ የተቀመጠ ሰው በስልክ ጂፒኤስ ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር ይመዝግብ። የዳሽቦርዱን ቆጣሪ ለዚህ አትጠቀሙበት፤ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ተደርጎ ስለሚሠራ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ከዚያ የስልኩን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ለሚታየው ቁጥር አካፍሉ። ወደ 1.85 ከመጣ ማሳያው ኖት ነው፤ 1.61 ከሆነ የየብስ ማይል በሰዓት፣ 3.6 ከሆነ ሜትር በሰከንድ። 0.54 ከመጣ ደግሞ ስሕተቱ ተቃራኒ ነው፦ መሣሪያው ቀድሞ ወደ ኪሎ ሜትር የለወጠውን ፕሮግራሙ እንደገና አባዝቶታል፣ 80ው 148 ሆኖ ይታያል። አንዳንድ መከታተያዎች ከመላካቸው በፊት ራሳቸው ስለሚለውጡ፣ በአንድ ድርጅት ውስጥ የተለያየ ሞዴል ካለ እያንዳንዱን ለየብቻ ፈትሹ። ማባዛቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይሁን።

ካስተካከላችሁ በኋላ የድሮውን ሪፖርት አትርሱ። ፕሮግራሙ የተጓዘውን ርቀት ፍጥነትን በጊዜ በማባዛት የሚያሰላ ከሆነ እስካሁን የመዘገበው ኪሎ ሜትር ሁሉ በ46 በመቶ ያንሳል። በዚያ ላይ የተሠራው የነዳጅ ስሌት መኪናው ከሚጠጣው ወደ እጥፍ የሚጠጋ አስመስሎ ያሳያል፤ በዚህ ምክንያት ሾፌር ነዳጅ ሰርቋል ተብሎ እንዳይጠየቅ። ርቀቱን ከካርታ ነጥቦች የሚያሰላ ከሆነ ግን አልተነካም።

ጥያቄ፦ የባሕር ሙያ ተማሪ ነኝ። አንዱ መጽሐፍ 1.852፣ ሌላው 1.853 ይላል። የቱ ነው ትክክል? ያለ ካልኩሌተርስ እንዴት ላስላ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ 1.852 ነው፣ ያውም ተጠጋግቶ የተወሰደ አይደለም። 1929 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሞናኮ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሃይድሮግራፊ ጉባኤ አንድ የባሕር ማይል 1852 ሜትር ሆኖ ተወሰነ። 1.853 የድሮው የእንግሊዞች ማይል ነው፣ 6080 ጫማ ወይም 1853.18 ሜትር፤ እነሱም እስከ 1970 ድረስ ሲሠሩበት ቆይተዋል። መጽሐፍህ አሮጌ ይሆናል። የማይሉ መነሻ አንድ ደቂቃ ኬክሮስ ነው፦ ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ያለውን 10,000 ኪሎ ሜትር ለ90 ዲግሪና ለ60 ደቂቃ ስታካፍለው 1852 ሜትር ገደማ ይወጣል። መርከበኛ በካርታው ጎን ባለው የኬክሮስ መለኪያ ላይ ርቀትን ባለ ሁለት እግር በሆነው የሥዕል ኮምፓስ የሚለካው ለዚህ ነው። ከላይና ከታች ባለው የኬንትሮስ መለኪያ ግን እንዳትለካ፤ እሱ ወደ ዋልታ በቀረብክ ቁጥር ይጠባል፣ 60 ዲግሪ ላይ ግማሽ ይሆናል።

ለጭንቅላት ስሌት፦ ከኖት ወደ ኪሎ ሜትር ለመሄድ እጥፍ አድርገህ የመጀመሪያውን ቁጥር 15 በመቶ ቀንስ። 20 ኖት፣ 40 ሲቀነስ 3፣ 37፤ ትክክለኛው 37.04 ነው። ከኪሎ ሜትር ወደ ኖት ግማሹን ወስደህ የግማሹን 8 በመቶ ጨምር፤ 90 ኪሎ ሜትር 45 ሲደመር 3.6፣ 48.6 ኖት ይሆናል። ሜትር በሰከንድን ወደ ኖት ስትለውጥ እጥፍ አድርገህ ከእጥፉ 3 በመቶ ቀንስ፤ 10 ሜትር በሰከንድ 19.4 ኖት ነው።

ብዙዎች በ1.8 ያባዛሉ። ለወሬ ይበቃል፣ ለጉዞ ስሌት ግን አይበቃም። በ14 ኖት የሚጓዝ መርከብ በ24 ሰዓት 336 የባሕር ማይል፣ ማለትም 622.3 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በ1.8 ያሰላ ሰው 604.8 ያገኛል፣ 17.5 ኪሎ ሜትር ጎደለበት። የየብሱን ማይል፣ 1.609ን፣ ያስገባማ ከ81 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል። መካከለኛ ውጤቶችን አታጠጋጋ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ አጠጋጋ። ደግሞም «ኖት በሰዓት» ብለህ አትጻፍ፤ ኖት ራሱ የባሕር ማይል በሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ የሠርግ ድንኳን እንተክላለን። የስልክ ትንበያ ነፋስ 20 ይላል፤ 20 ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ለውጥ አለው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በጣም አለው። ነፋስ ድንኳን ላይ የሚያሳርፈው ጫና የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። 20 ኖት ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይልቅ 3.4 እጥፍ ይገፋል፤ 20 ሜትር በሰከንድ ደግሞ 13 እጥፍ። የአዲስ አበባ አየር ሳሳ ያለ በመሆኑ ጫናው ከባሕር ጠረፍ በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል፣ ግን በዚህ ተማምናችሁ ገመድ አትቀንሱ። መተግበሪያው ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ መለኪያውን ኪሎ ሜትር በሰዓት አድርጉት፤ ሁልጊዜም ዋናውን ቁጥር ትታችሁ የውሽንፍሩን፣ ማለትም ለአፍታ ድንገት የሚበረታውን ነፋስ፣ ተመልከቱ።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያን የአየር ዘገባ ማንበብ ከፈለጋችሁ፣ የነፋሱ ክፍል ኬቲ በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ያልቃል፤ ኖት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ ናቸው፣ 090 ምሥራቅ ነው። ቀጣዮቹ ሁለቱ ፍጥነቱ፣ ከጂ ፊደል በኋላ ያሉት ውሽንፍሩ። 12 ኖት ሆኖ ውሽንፍሩ 22 ከሆነ፣ 22 እና 41 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብላችሁ ያዙት። በቻይና ማረፊያዎች ዘገባ ግን ነፋሱ በሜትር በሰከንድ ነው።

ጥያቄ፦ አውሮፕላን ውስጥ የመንገደኛው ስክሪን 900 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲል የአብራሪው መሣሪያ 280 ኖት ያሳያል ይባላል። 280 በ1.852 ሲባዛ 519 ነው። ማን ይሳሳታል? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ማንም አይሳሳትም። የአብራሪው መሣሪያ የሚለካው አየሩ የሚያሳርፈውን ግፊት ነው፤ 35,000 ጫማ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ ሦስተኛ እንኳ ስለማይሞላ ንባቡ ከእውነተኛው ፍጥነት በእጅጉ ዝቅ ይላል። ስክሪኑ የሚያሳየው ከመሬት አንጻር ያለውን ፍጥነት ነው፣ 486 ኖት። ወደ ኪሎ ሜትር ለውጠው ከስክሪኑ ጋር ማነጻጸር የሚችሉት ይህንን ብቻ ነው።