ለአሮጌ ኤምጂቢ ጉልበት በአነስተኛ ወጪ፦ ከአዲሱ ካርቡሬተር በፊት ምን ይቅደም?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1969 ስሪት ኤምጂቢ (የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) አለኝ። ሞተሩ በደንብ ይነሳል፤ ነገር ግን ዳገት ላይ ይደክማል፣ በደቂቃ ከ4,000 ዙር በላይም ይታፈናል። ገንዘቤ ውስን ነው። መንትዮቹን ካርቡሬተሮች አንስቼ አንድ ትልቅ ዌበር ካርቡሬተር ልግጠም፣ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ልቀይር ወይስ ማርሚታውን (የጭስ ድምፅ ማፈኛውን) ብቻ ልለውጥ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ለጊዜው ከሦስቱ አንዱንም አይግዙ። የኤምጂቢው ባለ 1,798 ሲሲ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ በ5,400 ዙር ወደ 95 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ ጤነኛ ከሆነም 5,000 ዙርን ሳይቸገር ያልፋል። የእርስዎ በ4,000 የሚታፈን ከሆነ መኪናው ድሮ የነበረውን ጉልበት የሆነ ቦታ ጥሎታል ማለት ነው፤ እሱን ሳያገኙ አዲስ ዕቃ ቢገጥሙ ብልሽቱ ከአዲሱ ዕቃ ሥር ተደብቆ ይቀርና ፍለጋው ይከብዳል።

በመጀመሪያ ምንም ወጪ የማይጠይቀውን ይመልከቱ። ከዓመታት በፊት ዌበር እንድገጥምለት የመጣ ደንበኛ ነበረኝ። ሞተሩን አጥፍተን የቤንዚን ፔዳሉን እስከ ወለሉ እንዲረግጥ ነገርኩትና ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ፣ የካርቡሬተሮቹ የአየር መክፈቻ ከግማሽ ትንሽ አልፎ ቆሟል። ምክንያቱ የላላ ገመድና ከፔዳሉ ሥር የተነጠፈ ወፍራም ምንጣፍ ነበር። ምንጣፉን ቆርጠን ገመዱን ስንወጥረው ሊገዛው የመጣውን ጉልበት በዚያው ዕለት ይዞ ሄደ። እርስዎም ረዳት ይጥሩና ይህንኑ ያረጋግጡ።

ቀጥሎ የሲሊንደሮቹን ግፊት ያስለኩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የኮይሉ ሽቦ ተነቅሎና ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ የሚለካ ሲሆን፣ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የአራቱ መቀራረብ ይበልጥ ይነግረናል፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ጥርጣሬ ሊያድርብዎት ይገባል። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ሲለኩ ግፊቱ ከፍ ካለ የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋል፤ ካልተለወጠ ችግሩ ከቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.38 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ካስቸገረዎት ነገሩን አቅልለው አይዩት፤ የዚህ ሞተር ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሊድ ለነበረው ቤንዚን የተሠራ በመሆኑ ሊድ በሌለው ቤንዚን የቫልቩ መቀመጫ ቀስ በቀስ እየተበላ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

ከገለጹልኝ ምልክት ተነስቼ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተርና የቤንዚኑን አቅርቦት ነው። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አንስተው የዘንጉን ጫፍ በሁለት ጣትዎ ይዘው ወደ ጎን ይግፉት። ከተነቃነቀ ቦኮላው (ዘንጉን የሚይዘው ቀለበት) ተበልቷል፤ በዚህ ጊዜ የፑንቲናውን (የእሳቱን መቆራረጫ) ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር አስተካክለው ቢዘጉትም ዘንጉ እየተወዛወዘ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የተለያየ ክፍተት ይሰጣል። ከፑንቲናው ሰሌዳ ሥር ዙሩ ሲጨምር የሚከፈቱ ሁለት ክብደቶች ከትንንሽ ሞላዎች ጋር አሉ። ሥራቸው እሳቱን ማስቀደም ሲሆን፣ ቅባታቸው ደርቆ ከተጣበቁ እሳቱ በከፍተኛ ዙር ይዘገይና ሞተሩ ልክ እርስዎ እንዳሉት ይታፈናል። ብልጭ በሚለው የማቀጣጠያ ጊዜ መለኪያ መብራት እያዩ ዙሩን ከሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ካለው ዙር) ወደ 3,000 ሲያሳድጉ በፑሌጃው (ቺንጋው በሚዞርበት ጎማ) ላይ ያለው ምልክት በግልጽ መራመድ አለበት።

ዘንጉ የማይነቃነቅ ከሆነ ገንዘብዎን መጀመሪያ የማውለው በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ፑንቲናውን ተክቶ በሚገባው ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ላይ ነው፤ አንዴ ከተስተካከለ እንደ ፑንቲና አይበላም። የተበላ ቦኮላን ግን አያድንምና መጀመሪያ ዘንጉን ያሳድሱ። ሲገዙ የባትሪውን መሬት (ከመኪናው አካል ጋር የታሰረውን ጫፍ) ይንገሩ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1967 የተሠሩት ኤምጂቢዎች መሬታቸው ፖዘቲቭ ሲሆን የእርስዎ ስሪት ኔጌቲቭ ነው፤ ሆኖም የቀድሞ ባለቤት ቀይሮት ሊሆን ስለሚችል ሽቦውን በዓይንዎ ይዩ፤ ተገልብጦ የተገጠመ ዕቃ ወዲያው ይቃጠላል።

ቤንዚኑን በተመለከተ የካርቡሬተሩን መግቢያ ቱቦ ነቅለው፣ ከእሳትና ከጋለ ነገር ርቀው፣ ፓምፑ በዕቃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ እንዲያፈስ ያድርጉ። ጤነኛ ፓምፕ ወደ አንድ ሊትር ያወርዳል፤ ግማሽ እንኳ ካልሞላ ፓምፑን፣ ማጣሪያውንና የቱቦውን መስመር ይመርምሩ። በሚኒሞ ለሚሠራ ሞተር ጥቂት ቤንዚን ስለሚበቃው ጉድለቱ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው።

በመኪናዎ ላይ ያሉት መንትዮቹ ኤስዩ ካርቡሬተሮች መጥፎ ስም የወጣላቸው በአያያዝ ጉድለት እንጂ በራሳቸው ድክመት አይደለም። በላያቸው ያለውን ፒስተን በጣትዎ አንስተው ሲለቁት ሳይንቀራፈፍ ወርዶ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ማሰማት አለበት። ሁለቱ እኩል አየር መሳባቸውን ቀጭን ቱቦ ጆሮዎ ላይ አድርገው በማዳመጥ ካመጣጠኑ በኋላ፣ በሚኒሞ እየሠራ ከሥር ባለችው ትንሽ ማንሻ ፒስተኑን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ መጠን ከፍ ያድርጉት። ዙሩ ለአፍታ ጨምሮ ወደ ቦታው ከተመለሰ ድብልቁ ልክ ነው፤ ጨምሮ በዚያው ከቆየ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ሞተሩ ሊጠፋ ከዳዳ አንሷል። ባለ ስድስት ገጹን የድብልቅ ማስተካከያ ብሎን በአንድ በአንድ ገጽ ብቻ ያዙሩት።

ዌበሩን የማልመክርበት ምክንያት በራሱ በቴስታታው ውስጥ ነው። ይህ ሞተር ለአራት ሲሊንደሮች ያሉት የመግቢያ ቀዳዳዎች ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሲሊንደሮች ይጋሩታል። ጠባቡ በር እዚያ ሆኖ ሳለ ከውጭ ያለውን ማስፋት ገንዘብን ያለ ቦታው ማዋል ነው። ቴስታታው በሆነ ምክንያት የሚነሳበት ቀን ሲመጣ ቀዳዳዎቹን አዋቂ እንዲያስተካክልልዎና ለጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ጠንካራ የብረት መቀመጫ እንዲገጠም ያድርጉ፤ በዚህ ሞተር ላይ ለወጣው ገንዘብ ተመጣጣኝ ጉልበት የሚመልስ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላየሁም። ማርሚታው ካልተዘጋ ወይም ካልበሰበሰ ይቆይ፤ የፋብሪካው የጭስ ሰብሳቢ ብረትም ጥሩ ሥራ ነው። አየር በደንብ የሚያስገባ ማጣሪያ ከገጠሙ ድብልቁ ስለሚሳሳ የካርቡሬተሩ መርፌም (ቤንዚኑን የሚመጥነው) አብሮ መታየት አለበት።

ሳይጠይቁኝ የማነሳው አንድ ነገር አለ፤ በኔ እምነት ከሞተሩ ይልቅ የመኪናዋን ፍጥነት የሚወስነው መንገድ መያዟና በፍሬን መቆሟ ነው። በጎማው ጎን ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2312 ማለት እ.ኤ.አ. የ2012 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው፤ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢሞላም ይቀየር። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ በዶት 4 ይተኩት፣ የፍሬን ቱቦዎቹንም ስንጥቅ ይፈልጉባቸው። የፊት እግሮቹን ቦኮላዎች ደግሞ ለኤምጂቢ ጂቲ ቪ8 (ለባለ ስምንት ሲሊንደሩ ኤምጂቢ) በተሠሩት ይቀይሯቸው፤ ዋጋቸው ቀላል ነው፣ ምንም ማስተካከያ ሳይጠይቁ ይገባሉ፣ መሪውም ወዲያውኑ ፈጥኖ የሚታዘዝ ይሆናል። የክንድ ዓይነቶቹን አሞርዛተሮች ዘይት ማፍሰሳቸውን ይመልከቱና የጎደለውን ይሙሉ።

ካምሻፍቱን ለመጨረሻ ያቆዩት። ለፍጥነት የተቀረጸ ካምሻፍት የላይኛውን ዙር ሲያጠነክር የታችኛውን ስለሚያዳክም የዳገቱ ችግር ሊብስብዎት ይችላል፤ ከቀየሩትም የሚገፋቸውን ታፔቶች አብረው ይለውጡ፤ በአሮጌ ታፔት ላይ የተጫነ አዲስ ካምሻፍት ቶሎ ይበላል።